2.7 ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን

ስልኬ ላይ ያለውን ሰዓት መቁጠሪያ አዘጋጀሁ። ጎማው መሬት ሲለቅ እጀምራለሁ፣ መልሶ ሲነካ አቆማለሁ። ያለሁት ከስኮትላንድ ሰሜን፣ ከኦርክኒ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ዌስትሬይ ነው። የምሄደው አጠገቧ ወዳለችው ፓፓ ዌስትሬይ። ከኤርፖርት ኤርፖርት ያለው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከዚህ ይረዝማል! የተመደበለት ጊዜ 2 ደቂቃ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት መደበኛ የመንገደኛ በረራዎች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

ኤርፖርት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ቤትና ሜዳ ነው። አይላንደር የምትባለው አውሮፕላን ሁለት ባለ ፕሮፔለር ሞተር አላት፤ የምትይዘው ስምንት መንገደኛ ቢሆን ነው። አንዱ ከፓይለቱ ጎን ይቀመጣል፤ ያን ቀን ዕድሉ የእኔ ሆነ። ፓይለቱ ዞር ብሎ ቀበቷችንን አየ፣ ስለ መውጫው በሩ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፤ ጩኸቱ አያሰማም።

ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የምንነሳ መስሎኝ ነበር። አፍንጫችን ግን ወደ ተቃራኒው ዞረ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከመድረሻችሁ በኩል ከመጣ ቀጥ ብላችሁ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ታርፋላችሁ። ያን ቀን የነፈሰው ከጀርባችን ነበር። ስለዚህ ተነስተን ባሕሩ ላይ ክንፋችንን አዘንብለን ዞርን፤ ደሴቷን አለፍ ብለን እንደገና ዞርንና ወረድን። ከመስኮቱ ሥር ነጭ ማዕበል ድንጋዩን ሲመታ አየሁ፤ ዓይኔን ሳነሳ ሣሩ ደርሷል። ሰዓቴ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አለ። በዚሁ መስመር የተመዘገበው ፈጣኑ በረራ 53 ሰከንድ ነው። ርቀቱ ያው ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው ነፋሱ ነው።

መስመሩ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ብዙ ቱሪስት ለወሬው ብሎ ይሳፈራል። እኔም የሄድኩት አንድም ለዚሁ፣ አንድም ከ5,000 ዓመት በላይ የቆዩትን የናፕ ኦቭ ሃዋር የድንጋይ ቤቶች ለማየት ነው። ግን በረራው ለእኛ ተብሎ የተጀመረ አይደለም። ፓፓ ዌስትሬይ ላይ የሚኖረው ሰው መቶ አይሞላም። ለእነሱ ይህች አውሮፕላን እንደ ሰፈር ታክሲ ናት፤ መምህሩም ሐኪሙም ይመላለስባታል። ጀልባም አለ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ቀን ማዕበሉን ከላይ ላየ ሰው ግን የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት መምህርት ነበረች። ስንነሳ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ታርም ነበር። ስናርፍ ዞር ብዬ አየኋት። ገጹ ያው ነው። እስክሪብቶዋን ከድና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀድማኝ ወረደች።