ምች አይደለም

ዛሬ ገጠር አያቴ ጋ ሄጄ የጓሮውን ቀይ ባህር ዛፍ ሳይ ልቤ ስብር አለ። ለጋ ለጋው ቅጠል ተጠማዟል። በመሃል ጅማቱና በአንገቱ ላይ እባጮች ተደርድረዋል፤ ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ቀላ ያለ። አያቴ «ምች መትቶት ነው» አሉ። አንዱን በምላጭ ሰንጥቄ አሳየኋቸው፤ ውስጡ ነጫጭ ጥቃቅን ትሎች አሉ።

ይህን የምታደርገው መነሻዋ አውስትራሊያ የሆነች፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የምትረዝም ተርብ ናት። ያለ ወንድ ሳይቀር ትራባለች! እንቁላሏን ለጋው ውስጥ ትጥላለች፣ ቅጠሉም ዙሪያውን ያብጣል። ትልቁ ዛፍ ይቋቋማል። ችግኝ ግን ይቀጭጫል፤ እኔን ያሳዘነኝም እሱ ነው። አያቴ ለክረምት የሚተክሉትን ያፈሉት እዚያው ዛፍ ሥር ነበር።

አንድ በአንድ አየናቸው። ያበጡትን ነቅለን አቃጠልን። 30 ያህል ንጹህ ቀረልን፤ ከዛፉ አርቀን አዛወርናቸው።