እማዬ ኦስሎ መጥታ ጫካ የገባች ጊዜ

እሁድ ማለት ለእኔ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ዘመድ ጥየቃ ነበር። ኦስሎ ስንመጣ ሦስተኛው ጎደለ። የምንጠይቀው ዘመድ የለም። እንዳንገበያይ ደግሞ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ሚስቴ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ከሦስት እሁድ አንዱን የለችም። እኔና ልጆቹ ቤት ቁጭ ብለን ዩቲዩብ እናያለን። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ትንሽ ሲቆይ ፀሐይ ትጠልቃለች። መጋረጃ እንዘጋለን። አለቀ፣ እሁድ ያው ነው።

የአገሩ ሰው ግን እሁድ ሲሆን ቦርሳ አዝሎ ጫካ ይገባል። "ቱር" ይሉታል። ምን ጠፍቶባቸው ነው እል ነበር። እኛ ዘንድ ጫካ የሚገባው እንጨት ለቃሚ ነው፣ ከብት የጠፋበት ነው፣ ወይ የሸፈተ ነው።

ነገሩ የገባኝ በልጄ በኩል ነው። መዋዕለ ሕፃናት በገባች በመጀመሪያው ክረምት "ሐሙስ ቱር አለ" የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሽርሽር ነው ብዬ አሳምሬ ላክኋት። ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ካልሲ፣ ከመርካቶ የመጣች ቆንጆ ሹራብ። ለካ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ሊውሉ ነው። ማታ ልወስዳት ስሄድ የሰው ልብስ ለብሳ አገኘኋት። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ለየት አድርጋ ወስዳ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ጥጥ ሲረጥብ ገላ ላይ ይለጠፍና ያቀዘቅዛል፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ የሚል አባባልም አላቸው። በነሱ ቋንቋ ቤት ይመታል። በእኛ ኪስ ደግሞ ይመታል፤ የሱፍ ልብስ ዋጋ እንዴት ነው!

እማዬ የመጣችው በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንወጣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ "ይሄ አገር ነው ወይስ ማቀዝቀዣ?" አለች። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ይዣት ስወጣ አንድ ካፌ በር ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሟል። ጎንበስ ብላ ስታይ ውስጡ ሕፃን ተኝቷል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ድብን ያለ እንቅልፍ።

"የማን ነው? ረስተውት ነው?"

"እናቱ ውስጥ ቡና እየጠጣች ነው። እዚህ ሕፃን ውጪ ነው የሚያስተኙት፣ ጥሩ ይተኛል ብለው።"

አላመነችኝም። ከጋሪው ልትለይ አልቻለችም። ምናለ በሏት፣ ብርድ ይመታዋል ተብሎ በሠላሳ ዲግሪ ሙቀት የታክሲ መስኮት ከሚዘጋበት አገር ነው የመጣችው። መጨረሻ ላይ እናትየው በመስታወት አይታን ፈገግ ስትል እማዬ አንገቷን ነቅንቃ በግዷ ሄደች። ማታ ለሚስቴ ስትነግራት "ጋሪው አጠገብ አንድ ውሻ እንኳን አላሰሩም" ብላ ነው።

በዚያ ሳምንት ሚስቴ እሁድ ዕረፍት ስለነበረች ሁላችንም ኮርከትረከረን ወደሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ወጣን። የቡሽ መንቀያ ማለት ነው ስሙ፣ ተጠማዝዞ ስለሚወርድ። በ1952 እንደ ፈረንጆቹ የክረምት ኦሎምፒክ ኦስሎ ላይ ሲደረግ የቦብስሌይ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ውድድር የተካሄደው እዚሁ አካባቢ ነው። ዛሬ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሕዝብ መንሸራተቻ ነው፣ ክፍያም የለው። በከተማው ባቡር መስመር 1 እስከ መጨረሻው፣ ፍሮግነርሰተረን ድረስ ትወጣለህ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ሚድስቱዌን ጣቢያ ትወርዳለህ፣ ከዚያ በባቡር ተመልሰህ ትወጣለህ። ሰው ይሄንን ሲመላለስ ይውላል።

አንድ ሸርተቴ ላይ ትልቋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ኩርባ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ላይ ፍጥነቱ ሲያስፈራኝ ተረከዜን በረዶው ላይ ተከልኩ። በረዶው ተረጭቶ ዓይኔን ደፈነው። "አባ፣ እግርህን አንሳ!" ስትል እሰማታለሁ። አላነሳሁም። ተገለበጥን፣ እኔ በፊቴ፣ እሷ በላዬ። ከኋላችን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም፣ እንደ ወፍ ዘወር ብለው አለፉንና "ጎር ደ ብራ?" አሉ፣ ደህና ናችሁ ወይ ነው። ደህና ነን አልኩ። ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ ከፊት እኔ ነኝ የምቀመጠው፣ መሪዋ እሷ ናት።

እማዬ ላይ ሆና ከሚስቴና ከትንሹ ጋር እሳት ዳር ቀረች። ስንመለስ ፔርሙዝ ከፍታ፣ ቆሎ ዘርግታ አገኘናት። ቆሎውን ለብቻዋ አይደለም የምትበላው። አጠገባቸው ቋሊማ የሚጠብሱ ቤተሰቦች እጅ ላይ ሁሉ እፍኝ እፍኝ አድርጋለች። ሰዎቹ አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ እንደ መድኃኒት ይውጣሉ። በለውጡ ቋሊማ ሰጧት። ሚስቴ ቀድማ "አሳማ አለበት ወይ?" ብላ ጠየቀች። አለበት። እማዬ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ሰዎቹም ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ጎንበስ አሉ።

በባቡር ስንመለስ ግን ማንም ከማንም አይነጋገርም። አጠገብ ባዶ ወንበር እያለ ቆሞ የሚሄድ አለ። እማዬ ዙሪያዋን ቃኘችና "ቅድም ጫካ ውስጥ ያለፈው ሁሉ ሰላም ሲለኝ አልነበር?" አለች።

"ነበር።"

"እነዚህ ሰዎች ሰው የሚሆኑት ጫካ ሲገቡ ነው ማለት ነው።"

ስምንት ዓመት ኖሬ እንደዚህ አድርጌ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እሁድ ሲደርስ ቀድማ የምትለብሰው እሷ ሆነች። ትንሹ "ኡት ፖ ቱር፣ አልድሪ ሱር" የሚለውን አስተማራት፣ ቱር የወጣ አይኮሳተርም እንደማለት። እሷ "ኡት ቦ ዱር" ነው የምትለው። ዱር ስለሆነ ትክክል ነው ብለን ተውናት። በአማርኛ የማይመልሱላት ልጆች ጫካ ሲገቡ "አያቴ፣ ነይ! አያቴ፣ እይ!" ይላሉ። አንድ ቀን የሰው መሬት ይሆን እንዴ ብላ ሰጋች። የሰውም ቢሆን መሄድ ይቻላል፣ ከ1957 ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ በሕግ ተጽፏል፣ ከቤት 150 ሜትር እስከራቅህ ድረስ ድንኳን ጥለህ ማደርም ትችላለህ አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ባለቤቱ ምኑን ያዘው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 22 ዋለ። የእኛ ሚያዝያ 27። እዚህ አገር ፋሲካ ማለት ተራራ፣ ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ የሚባል ቸኮሌት ነው። ከ1937 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ያለ፣ በአራት ጣት የተከፈለ፣ ብስኩት ያለበት። እኛም ሶግንስቫን ሐይቅን ልንዞር ወጣን። እማዬ ሁዳዴ ላይ ናት። ብርቱካኑን ተቀበለች፣ የቸኮሌቱን መጠቅለያ ሚስቴ አነበበችላት፣ ወተት አለበት። "ይቀመጥ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ከዓሳ ዘይቱና ከሱፍ ካልሲዎቹ መሃል አየሁት።

የእኛ ፋሲካ ዕለት ጠዋት ደወለች። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ቀርቧል። ቸኮሌቱን ለጎረቤት አካፍላዋለች፣ አንድ አንድ ጣት። "ይጣፍጣል፣ ግን ከደስታ ከረሜላ አይበልጥም" አለች። ከዚያ ልጆቹን ጠየቀች። ውጪ ናቸው አልኳት።

"ምን ለብሰው?"

"ቲሸርት። ፀሐይ ነው፣ ክረምቱ ወጥቷል እኮ።"

"ከውስጥ ሱፉን አላደረግህላቸውም?"

"እማዬ፣ ሙቀት ነው።"

"ቢሆንም" አለች።