ለወርቅ ማዕድን ብድር ስጋቱን እንዴት መረመርኩት

ሥራዬ የብድር ስጋት ትንተና ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰኝ የፋብሪካ፣ የእርሻ ወይም የሕንፃ ፋይል ነው። የወርቅ ማዕድን ፋይል ሲመጣልኝ ግን ሥራው ሌላ ሆነ። የፕሮጀክቱን የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ስጋት አጥንቼ አስተያየት እንድሰጥ ተጠየቅኩ። በቢሮ ቋንቋ ኢ.ኤስ.ጂ የምንለው ማለት ነው። ፋይሉ የደንበኛ ስለሆነ ስሙንም ቦታውንም አልጠቅስም። አሠራሬን ግን ላካፍል። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሥራ ቅጽ ሞልተው ያልፉታል፤ ያ ያሳስበኛል። ማዕድን ላይ እንደነገሩ የተሞላ ቅጽ ነፍስ ያጠፋል።

ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት ቁጭ ብዬ ያነበብኩት የብራዚሉን የብሩማዲንዮ አደጋ ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቫሌ ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ (ማዕድኑ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቃማ ተረፈ ምርት) የያዘ ግድብ ተናደ። 270 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እዚያው ማዕድኑ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው። የሠራተኞቹ ምግብ ቤትና ቢሮ ደግሞ ከግድቡ በታች፣ ዝቃጩ በሚወርድበት መስመር ላይ ነበር የተሠራው። የማስጠንቀቂያ ሳይረኑ አልጮኸም።

ከአደጋው ወራት ቀደም ብሎ ቱፍ ዙድ የተባለው የጀርመን ድርጅት የግድቡን መረጋጋት የሚገልጽ ማረጋገጫ ሰጥቶ ነበር። ክፍያው የሚመጣው ከማዕድን ኩባንያው ነው። እዚያው ክፍለ ሀገር፣ ማሪያና አካባቢ፣ በ2015 ሌላ ግድብ ተንዶ 19 ሰዎች ሞተዋል። ያኛው ግድብ ሳማርኮ የተባለ ኩባንያ ነበር፤ የሳማርኮ ባለቤቶች ደግሞ ቫሌና ሌላው የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ ናቸው። ሁለቱም ግድቦች የተሠሩት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ግድቡ ከፍ በተደረገ ቁጥር አዲሱ እርከን ቀድሞ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ ያርፋል። ርካሽ ነው። ዝቃጩ ውሃ ከቋጠረ ግን ድንገት እንደ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ከብሩማዲንዮ በኋላ ብራዚል ዘዴውን ከለከለች።

እኔን በጣም የነካኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የጡረታ ፈንዶች በ2019 ከ700 ለሚበልጡ የማዕድንና የነዳጅ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ስንት የዝቃጭ ግድብ አላችሁ? የት? እንዴት ተሠሩ? ቢናዱ ማንን ይጎዳሉ? ከዚያ ግፊት በ2020 ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አስተዳደር መመዘኛ ወጣ። ገንዘብ የሚሰጥ አካል የመጠየቅ አቅም አለው። የእኔም መነሻ ይኼው ሆነ።

ስለዚህ የኩባንያውን ባለቀለም የዘላቂነት ሪፖርት ወደ ጎን አድርጌ መጀመሪያ የሳተላይት ምስል ከፈትኩ። ጎግል ኧርዝ ነፃ ነው፤ የቆዩ ምስሎችንም ወደ ኋላ እየመለሰ ያሳያል። የዝቃጭ ማጠራቀሚያውን፣ ማቀነባበሪያውን፣ ወንዙን፣ መንደሩንና ትምህርት ቤቱን አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩባቸው። ከዚያ ጠየቅኩ፦ ይህ ግድብ ቢናድ የሚወርደው ማን ላይ ነው? በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ ውስጥ ያለው ካርታ ከዓመታት በፊት የተሠራ ነው። እዚያ ላይ ከግድቡ በታች ያለው መሬት ባዶ ነው። በአዲሱ ምስል ላይ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሞልቶበታል። ወርቅና ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች የሠሩት ሰፈር ነው። የመሬት ካርታ ይኑራቸው አይኑራቸው የቀበሌው ጉዳይ ነው። እኔ የምጠየቀው እዚያ ሰው መኖሩን ነው፤ አለ።

ቀጥሎ ወደ ውሃው ሄድኩ። ወርቅ ከድንጋዩ በአብዛኛው የሚለየው ሳያናይድ በተባለ መርዛማ ኬሚካል ነው። በወርቅ አምራቾች ዘንድ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሳያናይድ ደንብ አለ። በደካማ አሲድ ሊለቀቅ የሚችለው ሳያናይድ ወፍና እንስሳ ሊደርስበት በሚችል ክፍት ማጠራቀሚያ ውስጥ በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ደግሞ ከ0.5 እንዳያልፍ ይላል። የኩባንያው የውሃ ምርመራ ሠንጠረዥ ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር። ቁጥሮቹ ከገደቡ በታች ናቸው፣ በአረንጓዴ ቀለም ተቀልመዋል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ባዶ ናቸው። ያለፈው ዓመትም ሐምሌና ነሐሴ ባዶ። ከሠንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ፊደል «በመንገድ ብልሽት ምክንያት ናሙና አልተወሰደም» ይላል።

ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክረምት ላይ ያን መንገድ አይቼዋለሁ። ግን ማጠራቀሚያው የሚሞላው፣ ውሃው ሞልቶ የሚፈስበት ዕድል የሚጨምረውም በእነዚያው ወራት ነው። የአካባቢውን የዝናብ መረጃ ከሜትሮሎጂ አውጥቼ ከሠንጠረዡ ጎን አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ ማብራሪያ ለብድር ኮሚቴው አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም የምርመራ ሠንጠረዥ ሳነብ ከቁጥሮቹ በፊት ባዶ ቦታዎቹን አያለሁ።

ሦስተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ሪፖርቱ «በበጀት ዓመቱ ከማኅበረሰቡ የቀረበ ቅሬታ የለም» ይላል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚኖርበት፣ ፈንጂ በሚፈነዳበትና ከባድ መኪና ሌት ተቀን በሚመላለስበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቅሬታ የለም? ቦታው ላይ ስንሄድ የቅሬታ ሳጥኑን አሳዩኝ ብዬ ጠየቅኩ። ጥሩ ሳጥን ነው፣ ቁልፍም አለው። የተሰቀለው ግን ከግቢው በር ወደ ውስጥ፣ ከጥበቃዎቹ ማረፊያ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለ ኩባንያው ሰዎች ወደ መንደሩ ወረድኩ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት እናት አገኘሁ።

«እማማ፣ ቅሬታ ሲኖርዎት ለማን ነው የሚናገሩት?»

«ለማን እናገራለሁ ልጄ? ሳጥኑ ከዘበኞቹ ወዲያ ነው። መታወቂያ አምጪ፣ ምን ፈልገሽ ነው ይላሉ። የኔ ልጅ ደግሞ እዚያው በቀን ሥራ ነው ያለው። እንጀራውን ላሳጣው?»

ያን ቀን ማታ ሪፖርቴ ላይ «ቅሬታ የለም» የሚለውን ከጠንካራ ጎን አውጥቼ ከስጋቶቹ ተርታ አስገባሁት። ሰው ቅሬታውን የሚያሰማበት መንገድ ሲያጣ ቅሬታው አይጠፋም። ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል። ለአበዳሪ ደግሞ የተዘጋ መንገድ ማለት የቆመ ምርትና ያልተከፈለ ብድር ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ጉጂ ውስጥ፣ ሻኪሶ አጠገብ ነው ያለው። በ1997 ወደ ሚድሮክ ኩባንያ ዞረ። በ2018 ፈቃዱ ለ10 ዓመት ታደሰ። ነዋሪው ግን ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል የሰውና የእንስሳ ጤና እየጎዳ ነው፣ ሕፃናት ጉዳት ይዘው እየተወለዱ ነው እያለ አደባባይ ወጣ። በግንቦቱ ወር መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2021 ነው። እንግዲህ አንድ ተንታኝ ፈቃዱ በታደሰ ማግሥት ፋይሉን ቢያይ የሕግ ስጋት የሚለው ሳጥን ላይ «ዝቅተኛ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ወረቀቱ ሙሉ ነው። የጎደለው የነዋሪው እምነት ነበር።

ሕጋዊ መሆን ብቻውን እንደማያድን ሌላም ምስክር አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በሜይ 2020 ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ይጠቀምባቸው የነበሩትን የጁካን ገደል ዋሻዎች አፈነዳ። የመንግሥት ፈቃድ ነበረው። የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ነባር ሕዝቦች ግን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈጻሚውና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች እንደሚለቁ ተነገረ።

የአስተዳደሩ ክፍል በብዙዎች ዘንድ የቦርድ አባላትን ስም ዘርዝሮ የሚያልቅ ነው። እኔ ሁለት ነገር ላይ ቆምኩ። አንደኛው ገንዘቡ ነው። ኢትዮጵያ በ2014 የማዕድን ኢንዱስትሪ ግልጽነት ኢኒሼቲቭን በዕጩነት ተቀላቅላለች። በዚህ አሠራር ኩባንያው ከፈልኩ የሚለውና መንግሥት ተቀበልኩ የሚለው ጎን ለጎን ይታያል። እኔም ይህንኑ ዘዴ ወደ ታች አወረድኩት። ኩባንያው ለማኅበረሰብ ልማት ሰጠሁ ያለውን ከወረዳው መዝገብ ጋር፣ የካሳ ዝርዝሩን ደግሞ ካሳ ከተቀበሉት ገበሬዎች ጋር አመሳከርኩ። ሁለተኛው ቃለ ጉባኤ ነው። የሕዝብ ውይይት ተደረገ የሚለውን ቃለ ጉባኤ ሳነብ የፈረሙት ሰዎች ከየት እንደመጡ አየሁ። አብዛኞቹ ከግድቡ በላይ ካለው ቀበሌ ናቸው። ከታች፣ አደጋው ካለበት ወገን፣ ፈራሚ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነጥብ መስጠት መጣ። የተሰጠኝ ቅጽ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከ1 እስከ 5 ሰጥተህ አማካዩን አውጣ ይላል። ኤክሴሉን ሞላሁት፣ አማካዩ ደህና መጣ። ኩባንያው ትምህርት ቤት ሠርቷል፣ ችግኝ ተክሏል፣ የሥራ ደህንነት ሥልጠና ሰጥቷል፤ እነዚህ ሁሉ ነጥቡን ወደ ላይ ይጎትቱታል። የግድቡ ነገር መሀል ገብቶ ይሰወራል። ይህን ልቀበለው አልቻልኩም። የተሠራ ትምህርት ቤት የተናደ ግድብን አያካክስም። ስለዚህ አማካዩን ትቼ ሦስት ነገሮችን ለብቻቸው አወጣሁ፤ ግድቡ፣ የክረምቱ ውሃና ከታች ያለው ሰፈር። ከሦስቱ አንዱ ካልተስተካከለ የሌላው ነጥብ ምንም ይሁን ብድሩ አይለቀቅ ብዬ ጻፍኩ።

ኮሚቴ ፊት ግን በስሜት መናገር ብቻውን አይበቃም። የፕሮጀክቱን የገንዘብ ፍሰት ሞዴል ወስጄ ምርቱ ለመንፈቅ ቢቆም፣ ለአንድ ዓመት ቢቆም፣ እንደ ለገደንቢ ለዓመታት ቢቆም ምን እንደሚሆን አሰላሁ። መንፈቁን ይቋቋማል። ዓመቱን አይቋቋምም። ክፍሉ ዝም አለ፣ ከዚያ ጥያቄ መጣ፤ ጥያቄዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወርቅ ዋጋ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ነበሩ።

በመጨረሻ ብድሩ በቅድመ ሁኔታ ጸደቀ። የመጀመሪያው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት በኩባንያው ሳይሆን በአበዳሪው የተመረጠ ገለልተኛ መሐንዲስ ግድቡን እንዲያይ፣ የውሃ ናሙና በክረምት ጭምር እንዲወሰድና ውጤቱ በቀበሌው እንዲለጠፍ፣ የቅሬታ መቀበያው ከግቢው ውጭ ወጥቶ ሴት ሠራተኛ እንድትመደብበት ተስማማን። የሰፈሩ ጉዳይ ከባዱ ነበር። ሰዎቹን ማንሳት ካስፈለገ ካሳና ምትክ መሬት ቀድሞ እንዲሰጥ በጽሑፍ ገብቷል፤ እስከዚያው ደግሞ ሳይረን እንዲተከልና ነዋሪው የማምለጫ መንገዱን እንዲለማመድ።

ያላገኘሁት አንድ ነገር የመዝጊያው ገንዘብ ነው። ማዕድኑ ሲያልቅ ጉድጓዱን ለመድፈን፣ ግድቡን ለመሸፈን፣ ውሃውን ለዓመታት ለመከታተል የሚያስፈልገው ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተለየ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ እንዲቀመጥ ጠይቄ ነበር። የተገኘው የዋስትና ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ኩባንያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ዋጋ አለው፤ ማዕድን የሚዘጋው ግን ብዙ ጊዜ ኩባንያው ሲዳከም ነው። በየዓመቱ ብድሩ በሚገመገምበት ስብሰባ ይህን ነጥብ መልሼ አነሳዋለሁ። የዘንድሮው ግምገማ ኅዳር ላይ ነው፤ የመዝጊያ ወጪውን ስሌት ከአሁኑ እያዘጋጀሁ ነው።