መለያውን ሸፍነው

በዓሣ ሀብት ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የተሰጠኝ ሥራ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀለበት መቁጠር።

የብዙ ዓሦች ዕድሜ የሚታወቀው ጆሯቸው ውስጥ ካለች ጠንካራ ጠጠር ነው። ሻርክ እንዲህ ያለች ጠጠር የለችውም። እንደ ሌላው ዓሣ ደረቅ አጥንትም የለውም፤ ሰውነቱን የሚይዘው እንደ ጆሯችን የሚታጠፍ ልም አጥንት ነው። ጥርሱም አይረዳንም፤ ዕድሜ ልኩን ይረግፋል፣ ይተካል። የአከርካሪው ክፍሎች ግን ካልሲየም ስለሚጠራቀምባቸው ጠንከር ይላሉ። አንዱን እናወጣና በስሱ ቆርጠን ማይክሮስኮፕ ሥር እናስገባዋለን። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይታያል። አንድ ፈዛዛና አንድ ጠቆር ያለ መስመር ሲጣመሩ፣ በብዙ ዝርያዎች ዘንድ እንደ አንድ ዓመት ይቆጠራሉ።

እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ መለያ ተለጥፏል። የሻርኩ ርዝመት፣ ጾታው፣ የተያዘበት ቀን። እኔ መለያውን አነብና እቆጥራለሁ። አንዲት ሴት ሻርክ ትዝ ትለኛለች። 14 ቆጠርኩላት። መለያውን ደግሜ ሳየው ከሁሉም ረጅሟ እሷ ነች። «ይቺማ በ14 ዓመቷ እዚህ አትደርስም» አልኩና ተመለስኩ። ጠርዟ ላይ መስመሮቹ ተደራርበው የወረቀት ክምር መስለዋል። ትኩር ብዬ ሳይ 17 ሆኑልኝ። አልዋሸሁም። ሦስቱንም መስመሮች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ውጤቱ በጣም ያምር ነበር። ርዝመትና ዕድሜ እጅና ጓንት ሆነዋል። በቀጣዩ ሰኞ የማጥመጃ ገደብ ለሚያሰሉት ባልደረቦች ሊላክ ተዘጋጀ።

ሁለተኛዋ ቆጣሪ ብዙ ዓመት የሠሩ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ሰንጠረዡን ዝም ብለው አዩት። «አምሯል» አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አልነበረም። 30 ቁራጮች መርጠው መለያዎቹን በፕላስተር ሸፈኑና ቅደም ተከተላቸውን አደባለቁት። «እስቲ እንደገና ቁጠራቸው።»

ቆጠርኩ። በትንንሾቹ ላይ ከመጀመሪያው ቆጠራዬ ጋር ተስማማሁ። በትልልቆቹ ላይ ግን እኔው ከራሴ ጋር ተጣላሁ። አንዱ ላይ 3፣ ሌላው ላይ 4፣ አንደኛው ላይ ደግሞ 6 ዓመት ልዩነት። ያቺ ረጅሟ ሴት ወደ 14 ተመለሰች።

«አየህ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ስትቆጥር የነበረው ቀለበቱን አይደለም። ሴንቲሜትሩን ነው።»

ጆሮዬ እሳት ሆነ። ልክ ነበሩ። ሻርክ ለአቅመ መውለድ ከደረሰ በኋላ እድገቱ በጣም ይቀንሳል። ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሻርኮች ዕድሜያቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። እኔ ደግሞ ርዝመቱን አስቀድሜ አንብቤ ዕድሜውን ከሱ ጋር አስማማሁት። ከርዝመት ነጻ ሆኖ እንዲመሰክር የተፈለገውን ነገር ርዝመት እንዲያስጠናው አደረግኩ ማለት ነው።

ሦስት አራት ዓመት ምን ያመጣል የሚል ሰው ካለ፣ ብዙ ነገር ያመጣል። ሻርክ እንደ ሰርዲን በብዙ ሺህ እንቁላል አይራባም። ዘግይቶ ይጎለምሳል፤ የሚወልደውም ጥቂት ነው። የአንዳንዱ ዝርያ እርግዝና ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። በስንት ዓመቱ መውለድ እንደሚጀምር ከተሳሳትን፣ በየዓመቱ ምን ያህል ማጥመድ ይቻላል የሚለው ስሌት አብሮ ይሳሳታል። ገደቡ ከላላ ሻርኩ ያልቃል፤ ያለ አግባብ ከጠበቀ ደግሞ ጀልባው ላይ ያለው ሰው እንጀራውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት በውቅያኖስ ላይ የሚኖሩት ሻርኮችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ከ1970 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በ71 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ከልክ በላይ ማጥመድ ነው። እዚህ ላይ በግምት መጫወት የሚቻል አይደለም።

ኃላፊያችን ጋ ሄጄ «ሰኞ አይላክ» አልኩ። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «እንደገና ጀምሩ።» ሁሉንም መለያ ሸፍነን፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር፣ ከዜሮ ጀመርን። ሳምንታት ፈጀብን። አዲሱ ሰንጠረዥ እንደ መጀመሪያው አያምርም ነበር። ነጥቦቹ ተበታትነዋል። እኔ ግን ከዚያኛው አብልጬ አመንኩት።

በዚያ ጊዜ ነው ሌላውን ችግር የተማርኩት። ሸፍነህ ብትቆጥርም፣ ቀለበት በየዓመቱ መሠራቱ ራሱ መረጋገጥ አለበት። አንዱ መንገድ ሻርኩን ይዞ ቴትራሳይክሊን የተባለ መድኃኒት መውጋት፣ ምልክት አስሮ መልቀቅ ነው። መድኃኒቱ አከርካሪው ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ መስመር ይተዋል። ሻርኩ ከዓመታት በኋላ ዳግም ከተያዘ፣ ከመስመሩ ወዲህ ስንት ቀለበት እንደተጨመረ ይታያል። ሌላው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ባሕር ውስጥ የተዉት ካርቦን 14 የተባለ ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት ነው፤ አከርካሪው ላይ ሲገኝ ቀለበቱ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ይጠቁማል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ነጭ ሻርክ ከ70 ዓመት በላይ ሊኖር እንደሚችል ታወቀ። ቀድሞ ከሚገመተው በጣም ይበልጣል። አንዳንድ ሻርኮች ሲያረጁ ቀለበቱ እጅግ ይሳሳል፤ ወይም ጨርሶ መሠራቱን ያቆማል። የግሪንላንድ ሻርክ አከርካሪ ደግሞ ከናካቴው አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓይኑ ሌንስ ተመርምሮ ነው ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች የተገመተው።

ያቺን ረጅም ሴት ሻርክ በመጨረሻው ዙር 15 አልኳት። አንጋፋዋ ባልደረባዬ 18 አሉ። አብረን ተቀምጠን አየናት፤ ሁለታችንም ከቁጥራችን አልተነቃነቅንም። መዝገቡ ላይ «አልተነበበም» ተብሎ ተጻፈና ከስሌቱ ወጣች። ቁራጯ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። መለያዋ ላይ ያለውን ፕላስተር አላነሳሁትም።