ትናንት ማታ ቆዳዋን ቀየረች

ማንቲሴ፣ ያቺ የፊት እጆቿን አጣጥፋ የምትቆም ዝንብ አዳኝ ነፍሳት፣ በሰላም ቀየረች፣ ተመስገን። ደስታዬን ለማን ልንገር፣ እዚህ ልጻፈው እንጂ እንቅልፌም አልመጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ብላኝ ነበር፣ ዝንብ ሳስገባላት እንኳን ልትይዝ ጭራሽ ትሸሻለች፣ ከላይ ጨርቁን ይዛ ቁልቁል ተንጠልጥላ ዝም። የመጀመሪያዋ ማንቲሴ እንዲህ ስትሆን የታመመች መስሎኝ ጠርሙሱን እያነሳሁ እያገላበጥኩ ሳያት ሳያት ወደቀች፣ ግማሽ አካሏ ወጥቶ ግማሹ አሮጌው ቆዳ ውስጥ ቀረ፣ እግሮቿ እንደተጣመሙ ደረቁና በሦስተኛው ቀን ሞተች። እስካሁን ይቆጨኛል። የማር ጠርሙስ ነበር የሰጠኋት፣ ለካ ከፍታው ቢያንስ የቁመቷን 3 እጥፍ መሆን አለበት፣ ቁልቁል እየተንሸራተተች ስለሆነ ከቆዳዋ የምትወጣው፣ ቦታ ካነሳት አለቀላት።

ይቺኛዋን ወንድሜ ነው ከኮምቦልቻ ያመጣልኝ። እማዬ እጆቿን አጣጥፋ ስታያት "ዱዓ ይዛለች፣ አትንኳት" ትላለች። ለሷ የ5 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆረጥኩና በእማዬ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በላስቲክ አሰርኩት፣ ነጠላው አየር ያስገባል ጥፍሯም ይይዘዋል። መጀመሪያ አጎበር ልቆርጥ ነበር እኮ! ለወባ የሚታደለው አጎበር መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ትንኝ የሚገድል እሷን መች ይምራታል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ቤት የተያዘ ዝንብም አልሰጣትም።

የደሴ ብርድ ግን አስቸግሮኛል። ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድ ትደነዝዛለች፣ ስለዚህ ማታ ማታ ፍሪጁ ላይ ነው የማሳድራት፣ እዛ ሞቅ ይላል፣ ግን ሙቀቱ አየሩን እንዳያደርቀው ነጠላውን ጠዋት ማታ ውሃ እረጨዋለሁ፣ አየሩ ከደረቀ አሮጌው ቆዳ ይጣበቅባታል።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ጀርባዋ ተሰነጠቀ። ያልበላችውን ፌንጣ ጠዋት አውጥቼዋለሁ እንጂ ያኔ ቢረግጣት ምን ይውጠኝ ነበር። መጀመሪያ ደረቷ ወጣ፣ ከዛ ጭንቅላቷ፣ ከዛ እነዚያን ቀጫጭን እግሮች አንድ በአንድ ጠባብ ሱሪ እንደሚያወልቅ ሰው መዘዘቻቸው፣ በሆዷ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላ ቆየች፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ። ድንገት እጥፍ ብላ ተነሳችና የራሷን ባዶ ቆዳ ጨብጣ ተሰቀለች። ከዛ ጀርባዋ ላይ የተጨማደደው ነገር ቀስ እያለ ተዘረጋ፣ ክንፍ!

ክንፍ ካወጣች በኋላ ሌላ ቆዳ አትቀይርም፣ ትልቅ ሰው ሆነች ማለት ነው፣ የሚቀራት እድሜም ወራት ነው። እሱን አሁን ማሰብ አልፈልግም።

ሰውነቷ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ቀን ምግብ የለም፣ አልነካትም። ዛሬ ጠዋት ውሃ ስረጭላት ግን ነጠላው ላይ ወዳለች አንዲት ጠብታ ጭንቅላቷን አዙራ ጠጋ አለችና ጠጣች፣ ጠብታዋ እስክታልቅ።