ወሊድ ነጻ ነው ብለን መድህኑን ተውነው

የበኩር ልጄን ስወልድ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትሉም ወሊዱም ነጻ ነው። ሁለተኛውን አርግዤ፣ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈልን ስንታመም የሚሸፍንልን የጤና መድህን እድሳት ሲደርስ ታዲያ ባለቤቴ «ዘንድሮ ይለፈን» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ያውም የአማራ ክልሏ ደቡብ አቸፈር ወረዳ ሰዎች ሆነን! ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዱ የእኛው ነበር።

የመስቀል ሰሞን ወለድኩ። ገንፎው ፊቴ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ልጁ ሲተኛ እኔ አልተኛም፤ የጣራውን ምስማር እቆጥራለሁ። ከአልጋዬ በላይ ያለው ረድፍ 14 ነው። አማቴ እንደ አራስ ቤት ወግ ትራሴ ሥር ቢላዋ አኖረችልኝ። እኔን ደግሞ ያስፈራኝ እሱው ቢላዋ ሆነ። ልጁን አይቼ ቢላዋውን አስባለሁ። አንድ ሌሊት ተነስቼ ከጎታው ኋላ ደበቅኩት። ለማንም አልተነፈስኩም።

በ45 ቀኑ ልጁን ለክትባት ወሰድኩት። ነርሷ መዝናው ስታበቃ «አንቺስ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

«ባለፉት 7 ቀናት ስቀሻል?»

እንባዬ ቀደመኝ። የቢላዋውንም ነገር ተናገርኩ። አልደነገጠችም። «ሕመም ነው እህቴ፣ ይታከማል» ብላ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ።

ወጪው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ካርድ፣ መድኃኒት፣ በየወሩ ትራንስፖርት። አንድ በግ ሸጥን። ሐኪሙ ጡት እያጠባሁ የምወስደው መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሲሻልሽ እንዳታቋርጪው ብሎም አስጠነቀቀኝ። በሁለተኛው ወር ተሻለኝ፤ ብሩም አለቀ። አቋረጥኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወደ ምስማር ቆጠራዬ ተመለስኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እህል ገብቶ የመድህኑ ምዝገባ ሲከፈት ባለቤቴ ሳልነግረው ሄዶ ከፈለ። ከዚያ በኋላ መድህኑ እንዲሸፍንልኝ ሁሌም ከጤና ጣቢያ እጀምራለሁ፤ ሪፈሩን ይዤ ሆስፒታል እሄዳለሁ። አንዳንዴ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ይሉኛል። ያኔ ያናድደኛል። ትራንስፖርቱም እስካሁን ከኪሳችን ነው። መድኃኒቱን ግን ዳግም አላቋረጥኩም።

ቢላዋውን ከጎታው ኋላ ያገኘችው አማቴ ናት። አየችኝ፣ ምንም አላለችም። አጥባ ሽንኩርት ከተፈችበት።