ከመተሐራ ያመጣኋት ሃይሉክስ

መጀመሪያ ያየኋት መተሐራ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ግራር ሥር ቆማ ነው። ከቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አራቱም ጎማ ተንፍሶ ቸርኬው አፈር ውስጥ ገብቷል። የጋቢናውን በር ስከፍት ከሾፌሩ ወንበር ሥር ዶሮ ታቅፋለች። አየችኝ፤ አልተነሳችም። ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

በፈረንጆቹ 1982 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ከ1978 እስከ 1983 ከተመረተው ከሦስተኛው ትውልድ መሆኗ ነው። አንድ ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ናፍጣ። ሞተሯ ቶዮታ "ኤል" የሚለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,188 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላትም። እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ በእጄ ፈትቼ በእጄ የምገጥመው፣ ሲበላሽ ምክንያቱ በዓይን የሚታይ ነገር ናፍቆኝ ነበር።

ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ሊብሬውን ጠየቅሁ። አሮጌ መኪና ለማደስ ለሚያስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው። ሞተር ይሠራል፣ ላሜራ ይበየዳል፤ ወረቀቱ ካልገጠመ ግን የደከማችሁበት ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጠመ። የሻንሲ ቁጥሩ ግን አይታይም። ቦታው በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ መኪናዋን በሚሸከመው የብረት አጽም፣ ሻንሲው ላይ ነው። እዚያ ያለው ዝገትና የደረቀ ጭቃ ብቻ ነበር። ነጭ ጋዝና የሽቦ ብሩሽ ይዤ ጀርባዬን አፈር ላይ ሰጥቼ ገባሁ። መሸት ሲል የስልኬን መብራት አበራሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈተግሁ በኋላ አንድ ቁጥር ብቅ አለ። ከዚያ ሌላው። ነጋዴው ከላይ ሊብሬውን ይዞ ያነባል፣ እኔ ከታች እመልሳለሁ። የመጨረሻው ቁጥር ሲገጥም ሁለታችንም ሳናስበው ሳቅን። ግራይንደር እንዳትነኩበት አደራ። ቁጥሩን በልቶት ከሄደ፣ ወይም ዙሪያው የተፋቀ መስሎ ከታየ፣ ለምርመራ ስትሄዱ ማስረዳት ከባድ ነው።

በኤፍኤስአር ጭነን አዲስ አበባ አስገባናት። ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ጋራዣቸውን ከዘጉ ቆይተዋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ጊዜ ዞሯት። ኮፋኖውን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ "ምን ስትሠራ ነው የኖረችው?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ፤ ሽንኩርት ትጭን ነበር መሰለኝ።"

"መሰለኝ አይሆንም። እሱን ሳታውቅ አንድ ቡሎን እንዳትፈታ።"

ያኔ አባባላቸው ብዙም አልገባኝም ነበር። ቢሆንም ወደ ነጋዴው ደወልኩና ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን። ያ ስልክ ከሁሉም መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል። መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ቆላ ነው የሠራችው። ሽንኩርት ከልክ በላይ ትጭናለች። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱን ሲውጠው ደግሞ ውሃውን እያቋረጠች ትመላለስ ነበር። የበሰቃ ውሃ ጨው አለበት። ይህን ስሰማ ወዲያው ከሥሯ ገባሁ። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ሻንሲ፣ ከኋላ ባሌስትራው (የብረት ንጣፍ ስፕሪንጉ) በሚታሰርበት በኩል በመዶሻ ቀስ ብዬ ስመታው ድምፁ ተለወጠ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። በግራ በኩል የክንዴን ያህል ርዝመት ውስጥ ውስጡን በልቶታል።

እሱን ለሻንሲ በያጅ ሰጠሁ። የራሴን ብየዳ ሕይወቴን ልሰጠው አልፈቀድኩም። ባሌስትራው ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያላደረገው ሁለት ተጨማሪ ንጣፍ አገኘን፤ ለሽንኩርቱ ብለው የጨመሩት ነው። እሱን አውጥተን የመገጣጠሚያ ጎማዎቹን፣ ጎሚኒዎቹን፣ በሙሉ ቀየርን።

ሞተሩ ነክሷል፤ ተጣብቆ አይዞርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ይመታል፤ ወይም ማርሽ አስገብቶ ያስገፋል። ጋሼ ያሳዩኝ ሌላ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁትን አራቱን ካንዴሌታ ፈታን። ናፍጣና የመሪ ዘይት እኩል ደባልቀን በሲሪንጅ በየቀዳዳው ጨመርን። ከዚያ መተው ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ከፊት ያለውን የክራንክ ቡሎን በረጅም ቁልፍ እሞክራለሁ፤ ግራ ትንሽ፣ ቀኝ ትንሽ፣ ሳላስገድድ። ስምንት ቀን ምንም የለም። በዘጠነኛው ምሽት የጥፍር ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ወደ ቤት ሮጬ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ካንዴሌታዎቹን ሳትመልሱ በእጅ ብዙ ዙር አዙራችሁ ፈሳሹን ማስወጣት እንዳትረሱ። ፈሳሽ አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ቀርቶ ሞተሪኖ ከተመታ ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ቢየላ ያጣምማል።

የታይሚንግ ቺንጋውን ከመነሳቷ በፊት ቀየርኩት። ከውጭ ደህና ይመስል ነበር። ሳጥፈው ግን ጥርሶቹ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል። እሱ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

በጣም የተጎዳሁት ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚከደነው፣ ቫልቮቹ ያሉበት ቴስታታ ላይ ነው። ስንከፍተው በሦስተኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች መካከል ስንጥቅ አገኘን። መለዋወጫ የሚሸጥበት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሌላ ገዛሁ። የሚያብረቀርቅ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ነው፤ ንጽሕናው አታለለኝ። የሞተር ዕቃ የሚሞረድበት ሬቲፊካ ቤት ወስጄ በግፊት ሲፈተሽ ያው አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቀለሙ የተቀባው እሱን ለመሸፈን ነበር። ሻጩ አልመልስም አለ። ገንዘቡ ይቅር፤ ያናደደኝ ግን እያወቀ መሸጡ ነው። ያ ቴስታታ እኔ ባልፈትሸው ኖሮ የአንድ ሰው መኪና ከቤተሰቡ ጋር መንገድ ላይ ሊያስቆም ይችል ነበር። እዚያው ሶማሌ ተራ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ሻጭ፣ ሙሉ ዋጋውን መያዣ አስይዤ፣ ቅባቱ ሳይጠረግ ጥቁር የሆነ ቴስታታ ሰጡኝ። "አስፈትሽና ካልሆነ መልሰው" አሉኝ። ሆነ። አሁን እሳቸው ዘንድ ነው የምሄደው። ከዚያ ወዲህ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ዕቃ ሳይ እጄን እሰበስባለሁ።

የተነሳችው በአምስተኛው ወር ነው። ተነሳች ስል ግን ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ። ኢንጀክተር መስሎኝ ላስወልቅ ስል ጋሼ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ፦ የት ነበር የኖረችው? መተሐራ ከባሕር ወለል ወደ 950 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ፣ የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ የተለካውን ናፍጣ ያንኑ ያህል ቢረጭ፣ ትርፉ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጋሼ ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መጠን ቡሎን ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞላ መለሷት። ጭሱ ቀነሰ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ አሁንም ትንሽ ታጨሳለች፤ ኃይሏም ይቀንሳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተራራው ነው።

ወደ ላሜራው ስመጣ፣ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልዬ አካሏን በሙሉ ዳሰስኩ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥር ስቱኮ፣ የተበላ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ፣ አለ። በግራው በር ታችኛው ጫፍ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተቆርጦ ወጣ፤ ከሥሩ ብረት የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የበር ታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ በጭቃ ተደፍነው ውሃው በሩ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። አሮጌ መኪና ካላችሁ ዛሬውኑ በስንጥር ክፈቷቸው። ላሜራ የሚሠራው ባለሙያ፣ ባቱላሜራው፣ የተበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። የጭነት ሳጥኗን፣ ካሶኒውን፣ ሲያነሳው መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ወረቀት የደረቀ ቀይ የሽንኩርት ልጣጭ ታጭቆ አገኘ። ጥቂቱን አስቀምጫለሁ።

ኤሌትሪኩ በጣም አስፈርቶኝ ነበር፤ ደግሞም ልክ ነበርኩ። ቫልቮላ (ፊውዝ) መሆን የሚገባው ቦታ ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ክር ነበር። እንዲህ ያለው ክር አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው መኪናው ነው። ሽቦውን መስመር በመስመር አስለቀቅሁና በየመስመሩ ትክክለኛ ቫልቮላ አስገባሁ። ቀለም ከተቀባች በኋላ ደግሞ የፊት መብራቷ ደበዘዘ። ሁለት ቅዳሜ ዲናሞና ባትሪ ሳስፈትሽ አለፈ። ችግሩ ኤሌትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል የሚመለስበት ማሳው ነበር። ቀቢው የማሳ ቡሎን የሚያርፍበትን ብረት አሳምሮ ቀብቶታል፤ ኤሌትሪክ ደግሞ በቀለም አያልፍም። የሳንቲም ያህል ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ በራ።

ፍሬኑ ላይ የሠራሁትን ስህተት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የፍሬን ሲሊንደሮቹን ጎማዎች በቤንዚን አጠብኳቸው። ንጹሕ ሆኑልኝ ብዬ ገጠምኩ። በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ስሞክር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ጎማዎቹ ቤንዚን ጠጥተው አብጠዋል፣ ለስልሰዋል። ያ ነገር እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የፍሬን ጎማ በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው የሚታጠበው። ሁሉንም በአዲስ ቀየርኩ።

በጠቅላላው አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከወጪው ትልቁን የወሰደው ላሜራውና ሻንሲው ነው፤ ሞተሩ ሁለተኛ ነው። ስትፈቱ የእያንዳንዱን ዕቃ ቡሎን በየራሱ ፌስታል አስገብታችሁ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሳልጽፍ በመሥራቴ የዳሽቦርዱን ቡሎኖች ስፈልግ ሦስት እሁድ ጠፍቶብኛል።

ቦሎ የወሰደችበት ቀን ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ሰፈሩን ዞርን። መስኮቱን አወረዱ፤ አንዴ ቀኝ እጃቸውን አውጥተው በሩን ከውጭ መታ መታ አደረጉት። ድምፁን እየሰሙ ነበር መሰለኝ። ምንም አላሉም። ስናቆም ወርደው ከኋላ ዞሩና የካሶኒውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ አዩ።

የኋላው ስፖንዳ የእሷ አይደለም። የራሷ፣ ላሜራው ላይ ቶዮታ የሚል ትልልቅ ፊደል የተመታበት፣ መተሐራ ሳለች ጠፍቷል። የገጠምኩት ባቱላሜራው የሠራው ልሙጥ ነው። ሶማሌ ተራ ያሉትን ሽማግሌ ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አሳዩኝ፤ ከሚቀጥለው ትውልድ ስለሆነ ማጠፊያው አልገጠመም። በሚመጣው ቅዳሜም እሄዳለሁ።